ቤቱን የጠረገ ድምፁን ይይዛል

አይ ዐዚዛ ሰውን የሚለዩት በወለሉ ነበር። ለጥየቃ ሰው ቤት ሲገቡ የባለቤቷን ፊት ከማየታቸው በፊት መሬቱን ያያሉ። በሐረር ግንብ ውስጥ፣ በጀጎል፣ የቤቶች ወለል በቀይ አፈር ይለቀለቃል። በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ አፈሩ ራሱ ቀይ ሆኖ ነው የሚሉም አሉ። አይ ዐዚዛ ከሁለቱም ጋር አይከራከሩም። "ደምም ይሁን አፈር፣ መጠረግ አለበት" ይሉና ነገሩን ይዘጉታል።

"አይ" ሐረሪዎች እናት የሚሉበት ቃል ነው። እኔ ገላነሽ ለገሠ ሐረሪ አይደለሁም፤ አባቴ ከሸዋ ጦር ጋር የገባ ወታደር ነው። ቡዳ በር ከሚባለው የግንቡ በር ውስጥ ትንሽ ቤት ተመርቶ እኔም እዚያው ተወለድኩ። የእኛንና የአይ ዐዚዛን ግቢ የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ ከእናቴ ይልቅ እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ ብል ውሸት አይሆንም። ጦሩ ሲገባ እሳቸው አክርማ መሰንጠቅ የጀመሩ ልጅ ነበሩ። "ያን ቀን እናቴ በሩን ዘግታ ስፌት አስያዘችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላስቀመጥኩትም" ይሉ ነበር። ስፌት መስፋት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አስተማሪነታቸው በቁንጥጫ ስለነበር ክንዴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሐዲያ። እኩያዬ ናት። ሐዲያ ግራኝ ነበረች፤ ወስፌውንም መጥረጊያውንም በግራ እጇ ነው የምትይዘው። እናቷ ይህን አይወዱም። ግራ እጇን ባነሳች ቁጥር "ያ ረቢ!" ብለው በመጥረጊያው እጀታ ጣቷን ይመቷት ነበር። ሐዲያ መጥረጊያውን ወደ ቀኝ ታዛውርና እናቷ ዞር ሲሉ ወደ ግራ ትመልሳለች። ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ውሸት አይደበቅም፤ የመጥረጊያው ፈለግ ይቀራል። የሌላው ሰው ፈለግ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሐዲያ ወደ ግራ ይታጠፋል። ዱላው ተመልሶ ይመጣል። እኔ እስቅ ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር።

አይ ዐዚዛ የአፎቻው እናት፣ ማለትም አለቃው፣ ነበሩ። አፎቻ ሐረሪዎች ለሠርግና ለለቅሶ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው፤ ወንዱም የራሱ አለው፣ ሴቱም የራሱ። የሰፈራችን ሴቶች አፎቻ እናቱን የሚመርጠው በየጥቂት ዓመቱ ከአረፋ በዓል በኋላ ነው። እያንዳንዷ አባል ከሙሽርነት ሐብሏ ያወጣቻት አንዲት ዶቃ አለቻት። ዶቃዋ ከመደቡ በላይ ምስማር ላይ ትንጠለጠላለች፤ በምርጫ ቀን ወርዳ ለሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከተቀመጡት፣ ክዳናቸው ቀዳዳ ካለው ሁለት ስፌቶች ወደ አንዱ ትገባለች። የአንዷ ዶቃ ከሌላዋ ስለማይመሳሰል ማን ማንን እንደ መረጠ መጨረሻ ላይ ሁሉም ያያል። እኔ ክርስቲያን ነኝና ዶቃም ድምፅም አልነበረኝም። ሆኖም "ድምፅ የሌላት አታዳላም" ብለው ስፌቶቹን የምዘረግፈው እኔ ነበርኩ። ዕድሜ ለሌለኝ ድምፅ፣ ሁሉን ከፊት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ከዚያ የኅዳር በሽታ መጣ። በአሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ስለ እሱ ብዙ መናገር አልወድም። ጠዋት ያስነጠሰ ሰው ማታ ይገነዛል፤ ገናዡ ደግሞ በማግስቱ። ሐዲያ ያን ጊዜ ገና የወራት ሙሽራ ነበረች። ባሏ ዐብዱልወሃብ ቀድሟት ሞተ፤ እሷ በሙሽራ ቤቷ፣ በሙሽራ ልብሷ ተከተለችው። አይ ዐዚዛ የሚያጥብላቸው ሰው አጥተው ልጃቸውን ብቻቸውን አጠቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሐዲያን ቤት ቁልፍ አንገታቸው ላይ አሰሩት።

በሽታው ሲያልፍ አፎቻው ተሰበሰበ። ከመደቡ ላይ ግማሹ ቦታ ባዶ ነበር። በየተዘጋው ቤት የሟቾቹ ዶቃዎች ምስማር ላይ ቀርተዋል፤ ምን ይደረጉ ተባለ። አይ ዐዚዛ ተነስተው፣

"የመርሑማዋ ቤት ተዘጋ እንጂ ድምፅዋ አይዘጋም። ቤቱን የጠረገ ድምፁን ይይዛል" አሉ።

ሁሉም እያለቀሰ "አሚን" አለ። በለቅሶ መሀል የወጣ ሕግ እንዲህ ነው፤ ማንም አይመረምረውም።

ታዲያ የሟቾቹን ቤቶች ሁሉ የሚጠርጉት ማን ናቸው? አይ ዐዚዛ። ቁልፎቹ የአፎቻው እናት ዘንድ ስለሆኑ ወራሽ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ ከቤት ቤት እየዞሩ ይጠርጋሉ። ከዚያ ወዲህ ባለው ምርጫ ሁሉ የሟቾቹን ዶቃ በክር ሰክተው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ እየፈቱ "መርሑማ እገሊት" እያሉ፣ ሟች እገሊት ማለታቸው ነው፣ ስም ይጠራሉ፤ ወደ ራሳቸው ስፌትም ይጥላሉ። ስሙ በተጠራ ቁጥር መደቡ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ለሚቀመጥ ሰው ቦታ እንደሚለቁ ሁሉ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ይላሉ። ይህን ሲያደርጉ ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። እኔ ግን አየው ነበር። ሕያዋኑ ቢያኮርፏቸውም ሙታኑ ይመርጧቸዋል፤ ማን ያሸንፋቸዋል?

ነገር ግን ሰፈሩ ሰው አልባ ሆኖ አይቀርም። ከድሬ ጠያራና ከዙሪያው ገበሬ መንደር ሴቶች ባሎቻቸውን ተከትለው ገቡ። ማሽላ የሚሸጡ፣ ጫት የሚያወርዱ፣ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። በቤታቸው ኦሮምኛ፣ በገበያ ሁሉንም ይናገራሉ። አፎቻው ሬሳ የሚያጥብና ድስት የሚያነሳ ክንድ ስላጣ ተቀበላቸው፤ ለየራሳቸውም ዶቃ ሰጣቸው። የድሮ ቤተሰብ ሴቶች "በዝተዋል እኮ" ብለው ሲያንሾካሹኩ አይ ዐዚዛ፣

"ይብዙ! የኛ ሙታን አሁንም ይበልጣሉ" ብለው ይስቁ ነበር።

ከአዲሶቹ ዋነኛዋ ሙሚና ናት። ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሳቋ ከድምፅዋ የሚበልጥ፣ ባለ ሰፊ ትከሻ የድሬ ጠያራ ሴት። አይ ዐዚዛ ይወዷት ነበር። ጉልበታቸው ታሞ ጎንበስ ማለት ያቃታቸው ጊዜ ሙሚና ሳትጠራ መጥታ፣

"አይ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ቤቶቹን እኛ ተራ ገብተን እንጠርጋለን" አለቻቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አይ ዐዚዛ መርቀው ቁልፎቹን ሰጧት። የሐዲያን ቁልፍ ብቻ ከአንገታቸው አልፈቱም፤ የልጃቸውን ቤት ጉልበታቸውን እያሹ፣ ግድግዳ እየያዙ ራሳቸው ይጠርጋሉ። እንዲህ ዓመታት ሄዱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ስለዚህ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ከበደ። ከበሩ ውጭ ግንቡን ተጠግተው የተሠሩ ጎጆዎች ፈረሱ። የሙሚና የእህት ልጅ ሰዓዳ ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ በገለባ በከለለላት ጥግ ተቀምጣ ዝናብ ይወርድባት ጀመር። ሙሚና አይ ዐዚዛ ዘንድ መጣች። እኔ አክርማ እየነከርኩ ነበር።

"አይ፣ ስንት ቤት ተዘግቶ ሰው በዝናብ ይሞታል? ይክፈቱልን። የሐዲያ ቤት ትንሽ ነው፣ ለሰዓዳ ይበቃታል።"

"የሌላውን ጠይቂኝ። የልጄን ቤት አትጥሪ።"

"የሌላው ሁሉ ጣራው ያፈሳል፤ እኛ ነን የምንጠርገው፣ እናውቀዋለን። ደረቁ የሐዲያ ብቻ ነው።"

"ሐዲያ ቤቷ ውስጥ ናት" አሉ አይ ዐዚዛ።

ሙሚና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና ቀስ ብላ፣ "እንግዲያው ከአረፋ በኋላ አፎቻው ይምረጥ፤ እናት ከሆንኩ እከፍተዋለሁ፣ ኢንሻአላህ" አለች። ስትቆጣ ድምፅዋ እንዲህ ዝቅ እንደሚል ያን ቀን አወቅሁ።

አይ ዐዚዛ በዚያው ሰሞን ወባ ጣላቸው። ክረምቱን ከመኝታ አልተነሱም። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም፤ የማስታምማቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። የሐዲያ ቤት የሚገኘው ከእኛ ጓሮ በኩል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት አዛን እንዳበቃ፣ ከግድግዳው ወዲያ መጥረጊያ ሰማሁ። ሽው… ሽው… ይላል። ዝናቡ ነው አልኩ፤ ዝናብ አልነበረም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ሰማሁት። በስመ አብ ብዬ አማተብኩና ከዚያ በኋላ በዚያ ሰዓት ጓሮ መውጣት ተውኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ዕብድ መባል ይፈልጋል?

አይ ዐዚዛ ሲሻላቸው በእኔ ተደግፈው የልጃቸውን ቤት ሊከፍቱ ሄዱ። መቆለፊያው ዝጎ ነበር፤ በስንት ትግል ተከፈተ። ክረምት ሙሉ የተዘጋ ቤት ሻጋታ ይሸታል፣ የሸረሪት ድር ይሠራበታል፤ አቧራ ይበላናል ብዬ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። ቤቱ ግን አሁን የተጠረገ ይመስላል። ስፌቶቹ በግድግዳው ላይ ያበራሉ። ወለሉ ርጥበት አለው፤ አንድ ጭራሮ የለበትም። የመጥረጊያው ፈለግም ከመደቡ ሥር ጀምሮ እስከ ደጃፉ ይታያል፤ ሁሉም ወደ ግራ ታጥፏል።

እኔ ወደ ደጃፉ አፈገፈግኩ። አይ ዐዚዛ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ፈለጉን ሳይነኩት እጃቸውን በላዩ ላይ ዘረጉ። ፊታቸው በራ። ከሐዲያ ሞት ወዲህ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

"አልሐምዱሊላህ። አየሽ ገላነሽ? ልጄ ቤቷን አልተወችም። እኔም አልሰጥም።"

የምርጫው ቀን ጠዋት አይ ዐዚዛ እንደ ልማዳቸው ክር ይዘው የሙታኑን ዶቃ ለመሰብሰብ ዞሩ። እኔ በትር ሆኜ አብሬያቸው ነበርኩ። የመጀመሪያው ቤት በሩ ክፍት፣ ምስማሩ ባዶ ነው። የሁለተኛውም። ከቤት ቤት ሄድን፤ ሁሉም ጠዋቱን ተጠርጓል፣ ምስማሩ ሁሉ ባዶ ነው። ተሰርቆ ነው እያሉ ወደ ቤታቸው ስንመለስ የሙሚና ሴቶች ደጃፍ ላይ ቆመዋል። እያንዳንዷ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ዶቃ በመዳፏ ይዛለች።

"የኛን ሙታን ዶቃ ምን አደረጋችሁት!" አሉ አይ ዐዚዛ።

ሙሚና አንገቷን ደፋች። "አይ፣ አልሰረቅንም። ቤቱን የጠረገ ድምፁን ይይዛል ያሉት እርስዎ ነዎት። ስንት ዓመት ሆነን ስንጠርግ? ወላሂ፣ ስማቸውንም ሁሉ እናውቀዋለን።"

አይ ዐዚዛ ባዶውን ክር ጣቶቻቸው ላይ ጠቀለሉት። የሰፈሩ ሰው ሲለወጥ አይተዋል፤ ለአዲሶቹ ዶቃ ሲታደል ራሳቸው አድለዋል፤ መጥረጊያውን ሲሰጡ ሙታኑንም አብረው እንደ ሰጡ ግን እስከዚያ ደቂቃ ልብ አላሉም ነበር። የቀራቸው የሐዲያ ዶቃ ብቻ ነው። ሰማያዊ፣ ጫፏ የተሸረፈ፤ በእናቷ ሐብል ላይ ሳለች ሐዲያ በልጅነቷ ነክሳት ነው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋታል።

ሁለቱን ስፌቶች አጠገቤ አስቀመጥኩ፤ የአይ ዐዚዛን በስተቀኜ፣ የሙሚናን በስተግራዬ። የድሮ ቤተሰብ ሴቶች የየራሳቸውን ዶቃ በቀኙ ጣሉ። የገጠሮቹ ተራ ደረሰ። የራሷን ዶቃ በግራው ከጣለች በኋላ እያንዳንዷ በጠረገችው ቤት ስም "መርሑማ እገሊት" ብላ ትጥላለች፤ በገጠር አነጋገር የድሮዎቹ ስሞች ሲጠሩ መደቡ ላይ ያሉት እንደ ድሮው ጠጋ ጠጋ ይላሉ። አንዲት አሮጊት የሟች እህቷ ስም በሙሚና ስፌት ላይ ሲጠራ ሰምታ አለቀሰች። "እህቴ እኔን ትታ ከነሱ ጋር ገባች" አለች። 

በመጨረሻ አይ ዐዚዛ ተነሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሁለቱንም ስፌቶች ግን የሰፉት በገዛ እጃቸው ስለሆነ ጨለማ ውስጥም ይለዩዋቸዋል። የቀኙን አፍ በጣታቸው ዳሰሱ፣ የራሳቸውን ዶቃ ጣሉ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈቱ። "መርሑማ ሐዲያ" ብለው ሰማያዊዋን ለቀቋት። ስትወድቅ ሰምቻለሁ። በቀኝ ነው የወደቀችው፤ በእመቤቴ እምላለሁ።

ክዳኑን ከፍቼ ሁለቱንም በወለሉ ላይ ዘረገፍኩ፤ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ። ደንቡ መቁጠር አይደለም። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እየተነሳ ይጣመራል፤ ጥንድ ያጣው ወገን አሸናፊ ነው። ማጣመር ጀመርኩ።  ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥንድ በጥንድ ይሄዳል። የቀኙ ክምር እያነሰ፣ የግራውም አብሮ እያነሰ መጣ። ከቀኝ የመጨረሻዋን አነሳሁ፤ ከግራ ጥንድ አገኘሁላት። ከዚያ በቀኝ ምንም አልቀረም።

በግራ አንዲት ቀርታለች። ሰማያዊ፣ ጫፏ የተሸረፈ።

 ከኋላ አንዷ ፋቲሓ መቅራት ጀመረች። ሙሚና ራሷ ወደ ኋላ ሸሸች፤ "እኔ አልነካሁትም፣ ያ ረቢ፣ አልነካሁትም" ትላለች። አልነካችውም፤ እኔ ነበርኩ አጠገቡ። ዛሬ አንዳንድ ሰው "አሮጊቷ ተሳስተው በግራ ጥለውት ነው" ይላል። የራሷን ስፌት በጣቷ የማታውቅ ሰፊ ካለች ያሳዩኝ።

አይ ዐዚዛ ዶቃዋን አነሱ። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው ጉንጫቸው ላይ አስጠጓት። "ቀዝቃዛ ናት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ገላነሽ፣ ክረምቱን የልጄን ቤት ማን ጠረገው?"

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"እኔ አይደለሁም። አንቺም አይደለሽም። ራሷ ናት። እንግዲህ ድምፁም የራሷ ነው፤ እኔ መያዝ አልነበረብኝም።" ዶቃዋን በመዳፋቸው ጨበጡ። "ቤቴን ጠብቂልኝ ማለቷ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእንግዳ እያሰናዳችው ነው።"

ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው በሙሚና መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ክሩ አንገታቸው ላይ ነጭ መስመር ትቶ ነበር።

ሰዓዳ በሐዲያ ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ሙሚና ጥሩ እናት ሆነች፤ ጯሂ ናት እንጂ ጥሩ ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ በዐስር ሶላት ሰዓት ጓሮ ወጥቼ አዳምጣለሁ፤ የምሰማው የሕፃን ለቅሶ ብቻ ነው። አይ ዐዚዛ አብዝተው ታመሙ፣ ከቤት መውጣት ተዉ። በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁኝ ነበር።

"በሐዲያ ቤት ወለሉ ወዴት ነው የተጠረገው?"

"ወደ ቀኝ ነው፣ አይ።"

ስፌታቸውን ያነሳሉ። እኔ ልዋሽላቸው እፈልጋለሁ፤ በወለል ነገር እሳቸውን መዋሸት ግን አይሆንልኝም። ልጃቸው ሁለተኛ ጊዜ እንደሞተችባቸው አውቃለሁ። በዚህም አዝን ነበር፤ አንዳንዴም ሙሚናን እጠላት ነበር።

ጣሊያን ይመጣል የሚባለው ወሬ ገበያውን ከመያዙ በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ "አንሽኝ፣ ቤቱን አሳዪኝ" አሉ። ተሸከምኳቸው አልልም፤ ግን ልሸከማቸው ምንም አልቀረኝም። ሰዓዳ ደጃፉ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ልጅቱ ከውስጥ ከቁመቷ የሚበልጥ መጥረጊያ ይዛ ወለሉን ትጠርጋለች፤ ሽው… ሽው… ታደርጋለች። በግራ እጇ ነው የያዘችው።

ሰዓዳ አይታ ደነገጠች። እንግዳ ፊት አሳፈረችኝ ብላ ሰፌዱን ጣል አድርጋ ገባች፣ "በቀኝሽ አላልኩሽም?" እያለች የልጅቱን ጣት ለመምታት እጇን አነሳች።

"ተያት!" አሉ አይ ዐዚዛ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። በደጃፉ ላይ ተንበርክከው ግንባራቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው አለቀሱ።

"ተያት ልጄ። እኔ ያን ሁሉ ዱላ መትቼ ምን አተረፍኩ? በፈለገችው እጇ ትጥረግ።"